የደምመላሽ አንገት

ኦክላንድ፣ ኅዳር 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አበልጄ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? የበርክሌ ዳገት በዚህ ብርድ እንደማይመችዎ አውቃለሁ። ዘንድሮም መኪናዎን ከታች አቁመው በእግርዎ እየወጡ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ምክር መስማት አይወዱማ። እባክዎ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ይዋጡ። እኔና ሶልያና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ክርስትና እናቴ ለምን አትመጣም እያለች በእንግሊዝኛዋ ትነዘንዘኛለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት ስላላወቅሁ ጥርስሽን ተፋቂ እላታለሁ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ከዚህ በላይ ብቀጥል ለይምሰል ይሆንብኛል።

እሑድ ዕለት የላኳቸው ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፣ ቄሱና አቶ ብርሃነ መስቀል። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ በሥራ ቦታ ስለተፈጠረች ትንሽ አለመግባባት ልናነጋግርሽ ነው የመጣነው አሉኝ። ትንሽ! ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ ማንቆርቆሪያው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። አቶ ብርሃነ መስቀል፣ ባለቤትሽ ደምመላሽ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። ሥራ ላይ ነው አልኳቸው። ሁለቱ ተያዩ። ለካ ከሥራ መባረሩን ነግረዋቸው ኖሯል። ቄሱ እንደምንም ወሬውን ወደ ሶልያና ጥርስ አዞሩትና እኔም አባቶቼ እግር ስላደረሳችሁ ክብር ይስጥልኝ፣ ሻዩን ጠጡ፣ የመጣችሁበትን ነገር ግን ከራሳቸው ጋር እጨርሰዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ከእርስዎ ጋር ለመጨረስ ደግሞ ስልክ ስደውል የሚያነሳው ማሽኑ ነው። መልእክት ትቼ ትቼ ታከተኝ። ስለዚህ ይኸው በወረቀት ይድረስዎ፤ ቢቀድዱትም መጀመሪያ ያንብቡት።

ለሽማግሌዎቹ የነገሯቸው ሌላ ስለሆነ እኔ የማውቀውን ከሥሩ ልንገርዎ።

ሶልያና ስትወለድ እናቴ ሩቅ ናት፣ እህት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ሆስፒታል አጥሚት በቴርሞስ ይዘውልኝ የመጡት እርስዎ ነበሩ። ያን የሚያህል የተማሩ ሰው፣ በጃንሆይ ጊዜ ስኮላርሺፕ ተሰጥቷቸው የመጡ ዶክተር፣ እኔን የሆቴል አንሶላ አጣፊዋን አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለው እንደ እናት ሲያጠጡኝ ያዩ ነርሶች እናትሽ ናት ወይ ብለው ጠይቀውኛል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አነሱልኝ። ከዚያ በኋላ አገር ቤት የጀመርኩትን ኬሚስትሪ ሰምተው፣ ይቺ ልጅ አንሶላ ስታጥፍ አታረጅም ብለው እርስዎ የጨረር ጥበቃውን በሚመሩበት ኩባንያ ውስጥ አስገቡኝ። የቧንቧውን ውሃ በጠርሙስ መቅዳት፣ የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ መፍታት፣ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ጨረሩን መለካት፣ ሁሉንም ያስተማሩኝ እጄን ይዘው ነው። ይህን አልክድም። ብክድ ኖሮ ዛሬ ባልታመምኩ።

ሥራውንም እወደው ነበር። ለሆስፒታል የሚሆን ጨረር ያለበት መድኃኒት እንሠራለን፣ ይልቁንም የታይሮይድ ሕመምተኞች የሚወስዱትን አዮዲን። ችግሩ ዕቃው ሲታጠብ ነው፤ ውሃው ጨረሩን ይዞ ይወርዳል። ድሮ እንዲሁ ከሲንኩ ወደ ከተማው ፍሳሽ ይለቀቅ ነበር። እርስዎ ነዎት ይሄ ነውር ነው ብለው ቦርዱን የተሟገቱት። ምድር ቤቱ ውስጥ ትልልቅ ታንኮች አስተከሉ፤ ውሃው እዚያ ይቆያል፣ እኛ እንለካለን፣ ጨረሩ ሲደክም ነው የሚለቀቀው። የጭስ ማውጫው ላይ የከሰል ማጣሪያ አስገቡ። አዮዲን ዕድሜው አጭር ነው፣ ብንታገሠው ራሱ ይሞታል፣ የኛ ሥራ ቸኩሎ እንዳይወጣ በሩን መያዝ ነው ይሉን ነበር። ከኦክላንድ ወደ ውጭ የሚለቀቀው ከግማሽ በታች ወረደ ተብሎ ኬክ የተቆረሰ ቀን፣ በፊት በራችን ላይ ሰሌዳ ይዘው ይጮሁብን የነበሩት ጎረቤቶች ገብተው ታንኮቹን ሲያዩ፣ እኔ አንድ ጥግ ቆሜ እንደ ሙሽራ እናት አለቀስኩ። አበልጄ ናቸው እያልኩ ለፊሊፒኖዋ ጓደኛዬ ሳሳይዎት ነበር።

ደምመላሽ ዳውንታውን የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሲዘጋ ደግሞ እርስዎ፣ አበልጄ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ አያይም ብለው ኩባንያው ሳን ሆዜ ላለው ሕንፃ የቧንቧ ሥራ በኮንትራክተር አስቀጠሩት። አገር ቤት ውሃና ፍሳሽ ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር ሙያው ነው፣ ደስ አለው። ያቺን አሮጌ ቶዮታ ይዞ 880 አውራ ጎዳና ላይ በየጠዋቱ ሲጋፋ፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ ስመርቅዎ ነበር። ስንቴ መርቄዎታለሁ መሰለዎ።

ያላወቅሁት ነገር ያ የወረደው ሁሉ በታንኩ ብቻ እንዳልወረደ ነው። የአዮዲን ዕቃ ማጠቢያው ወደ ሳን ሆዜ ተዛውሮ ኖሯል። እዚያ ታንክ የለም። በጊዜያዊነት ተብሎ ውሃው እንደ ድሮው ከሲንኩ ወደ ከተማው ፍሳሽ ይሄዳል፤ እኛ የምንለካው፣ ኬክ የቆረስንበትም፣ የኦክላንዱን ብቻ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከቢሮ አይደለም፤ ከራት ገበታዬ ላይ ነው። ደምመላሽ ስለ ሥራው ሲያወራ ቢጫ ምልክት ያለበት ሲንክ አለ፣ ቱቦው በስብርባሪ ጠርሙስና በወረቀት እየተደፈነ አስቸገረኝ፣ ጓንቱ እየተቀደደ በእጄ ነው የምጎለጉለው አለኝ።  ቢጫው ምልክት ጨረር አለ ማለት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ወለሉ ያዳልጣል ማለት መስሎኝ አለ! እሱ ምን ያድርግ፣ ማን ነገረው?

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ። ይዤው ወደ ኦክላንዱ መሥሪያ ቤታችን ሄድኩ። አዮዲን ሰው ገላ ውስጥ ከገባ ሌላ ቦታ አይቀመጥም፣ በቀጥታ አንገት ላይ ያለችው ዕጢ ውስጥ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው የላብራቶሪ ሰዎችን አንገት በየጊዜው የምንለካው። እሱ ግን ኮንትራክተር ነው፣ ማን ያስበዋል? ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት እንደገባ ሰው አገጩን ቀና አድርጎ ቁጭ አለ። ምን ያህል አስከፍይኛለሽ እያለ ይቀልድብኛል። መለኪያውን አንገቱ ላይ ሳደርገው መንጫጫት ጀመረ። በስመ አብ! የተበላሸ መስሎኝ የራሴ አንገት ላይ አደረግኩት፤ ጸጥ አለ። መልሼ ለሱ ሳደርገው መልሶ ተንጫጫ። ደምመላሽ ሳቁን ያቆመው በድምፁ አይደለም፣ የኔን ፊት አይቶ ነው።

ግድግዳው ላይ የስቴቱ ኢንስፔክተር ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ወዲያው ደውሉ ይላል፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስለጠፉት። ስልኩን አነሳሁ። ግን የደወልኩት ለእርስዎ ነው። ፊሊፒኖዋ ብትሆን፣ ነጩ ባልደረባችን ቢሆን፣ ቁጥሩን ይደውል ነበር። እኔ ግን የልጄን ክርስትና እናት ፊት ለፊት ሳልነግር በጓሮ ዞሬ ለመንግሥት አልከስም አልኩ። ለኔ ያ ከጨረሩ የባሰ ነውር ነበር።

እርስዎም ሳይዘገዩ መጡ፣ ፀጉርዎ ገና እርጥብ ነበር። እንደገና ራስዎ ለኩት። ሲጨርሱ የሸሚዙን ኮሌታ ራስዎ ሲያስተካክሉለት አይቻለሁ፣ ለዚህም ነው ያመንኩዎት። ለሕይወቱ የሚያሰጋው አይደለም፣ ከሰውነቱ እየወጣ ይሄዳል፣ አትደንግጡ አሉን። ከዚያ እኔን ኮሪደሩ ላይ ወስደው፣ ደምመላሽን ሰኞ ከዚያ አወጣዋለሁ፣ ማጠቢያውንም አስቆማለሁ፣ ታንክ አስተክላለሁ፣ ለስቴቱም ራሴ አሳውቃለሁ፣ እስከ መስቀል ጊዜ ስጪኝ አሉኝ። አሁን ካወጣሽው የኦክላንዱም ሥራ ይፈርሳል፣ በሶልያና ይዤሻለሁ አሉኝ። በልጄ ሲይዙኝ ምን እልዎታለሁ? እሺ አልኩ።

ደምመላሽን አወጡት፣ እውነት ነው፣ ግቢ ጠረጋ ላይ አደረጉት። መስቀል መጣ። መስቀል አለፈ። ስጠይቅዎ ቦርዱ በጀቱን እየተመለከተው ነው ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ሶልያናን አቅፈው ስመው፣ ለኔ ቶሎ ቶሎ አንገትዎን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ሥራ በዝቶባቸው ነው እላለሁ።

ኋላ የሳን ሆዜ የፍሳሽ ማጣሪያ ሰዎች በራሳቸው ምርመራ አዮዲኑን አገኙት። ኢንስፔክተሩ ወዲያው መጣ። እኔን የጠሩኝ መለካት ስለማውቅ ብቻ ነው፤ ስብሰባው ላይ አለቃው፣ ጠበቃው፣ እርስዎ፣ ደምመላሽም ነበሩ። አሁን እውነቱ ሊነገር ነው ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ከዚያ ደምመላሽ ተነሣና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ጠርሙሶቹን ሲንኩ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ለማፅዳት ብዬ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ምልክቱን አይቼ ገብቻለሁ አለ።  ኢንስፔክተሩ መልሶ ጠየቀው፤ ደምመላሽም መልሶ ያንኑ አለ፣ ቃል በቃል፣ እንደተጠና ትምህርት። ዞር ብዬ ሳይዎት መነጽርዎን በሻርፕዎ ይጠርጉ ነበር። ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ።

ፓርኪንጉ ላይ ያዝኩት። ምን ነካህ ስለው መኪናውን እየከፈተ፣ አበልጅ ናቸው፣ ቤቴ መጥተው ለመኑኝ፣ ምን ልበል አለኝ። እኔ ሶልያናን የውሃ ዋና ትምህርት ወስጃት ሳለ መጥተው ለካ። ሳሎኔ ገብተው፣ ከባሌ ጋር ቁጭ ብለው፣ እኔ ከወደቅሁ ታንኩም ይወድቃል፣ አንተ ግን ኮንትራክትህ ብቻ ነው የሚቋረጥብህ፣ ሌላ ሥራ እፈልግልሃለሁ፣ ለባለቤትህ ግን እንዳትነግር አሉት። እንዳትነግር! አበልጄ፣ ይቺን ቃል ስሰማ የሆንኩትን ልነግርዎ አልችልም። ደሜ ፈላ ልበል? ደሜ ቀዘቀዘ ነው የሚሻለው። 

ኩባንያው ቢዋሽ እኔ ምን ገዶኝ፣ ጠበቃው ደሞዝ የሚበላበት ሥራው ነው። እርስዎ ግን የኔን ባል፣ ያንን ሰው እምቢ ማለት የማያውቀውን፣ አንገቱ ውስጥ የእናንተን አዮዲን የተሸከመውን፣ በገዛ አፉ ጥፋተኛ ነኝ አስባሉት። በደሉን መውሰዱ አልበቃ ብሎ ስሙንም ሰጠዎት። በቡና ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በቴሌግራፍ ጎዳና ሁሉ፣ ያ የሐበሻ ቧንቧ ሠራተኛ ነው የከተማውን ውሃ የበከለው ተብሎ ሲወራ እርስዎ ሰምተው ዝም አሉ። እኔን ቢያታልሉኝ ኖሮ ይቅር እል ነበር፣ በእመቤቴ እል ነበር፣ ውለታዎ ብዙ ነው። እሱን ግን ለምን? ምን አደረገዎት?

ከዚያ ማንንም አላማከርኩም። እርስዎንም አላስቀደምኩም። በማግሥቱ ዳውንታውን ኦክላንድ ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ ሄድኩና የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፤ የቅዳሜውን፣ የወንበሩን፣ የመስቀሉን። ሰውዬው በትሕትና ሰማኝና ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልደወልሽም አለኝ። ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ ሴት ናቸው አልኩት። እሺ፣ እሱ ገብቶኛል፣ ግን ለምን አልደወልሽም አለኝ ደግሞ። በእንግሊዝኛም በእጄም አስረዳሁት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ግን እንዳልገባው አየሁት። መጨረሻ ላይ ባልሽ አንገቱን ሆስፒታል ሄዶ እንደገና ይለካ፣ እኛ ቀጠሮ እናስይዝለታለን አለኝና ቀጠሮውን አስያዘለት።

ቤት ስመለስ ለደምመላሽ ነገርኩት። ከርስዎ አልተማርኩም፣ እኔ ከባሌ አልደብቅም። ጮኸብኝ ብል ደስ ባለኝ። አልጮኸም። እኔን በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ፣ እሳቸውንም ለፈረንጅ አሳልፈሽ ሰጠሽ፣ ለልጃችን ምን ብለን ልንነግራት ነው አለኝ። አንተስ ራስህን ማን አሳልፎ ሰጠህ አልኩት።  በዚያው ሳምንት ልብሱን በሻንጣ ይዞ ዳሊ ሲቲ ጓደኛው ሙስጠፋ ቤት ገባ።

ይኸው ነው የኔ ትንሽ አለመግባባት።

ኢንስፔክተሩ እንደሚለው ለሳን ሆዜ ታንክ መሠራቱ አይቀርም፣ እስኪሠራ ማጠቢያው ተዘግቷል። እርስዎ ቦታዎን ይልቀቁ አይልቀቁ የማውቀው የለም። ብሰማ ደስ አይለኝም፣ ይህን ይመኑኝ። ግን አልተጸጸትኩም፤ ነገም ብጠየቅ እዚያው እደግመዋለሁ። እኔንም ቢያባርሩኝ የሆቴል አንሶላ ማጠፍ አልረሳሁም።

አሁን የማስቸግርዎ አንድ ነገር አለ። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሌላው ሌላው ከንዴቴ የመጣ ነው። የሆስፒታሉ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ደምመላሽ ቀርቷል። እኔ ስደውልለት ሙስጠፋ ነው የሚያነሳው፣ እያፈረ፣ ወጥቷል እኅቴ ይለኛል፤ ከበስተጀርባው ሳሉን እሰማዋለሁ። ሶልያና ስትደውል ያናግራታል፣ ስልኩን ልቀበላት ስል ግን ይዘጋል። እርስዎ ብለውት እምቢ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን እርስዎም ያውቁታል፣ ተጠቅመውበታልና። አንድ ጊዜ ደግሞ ለኔ ብለው ይጠቀሙበት። ሐሙስ ሄዶ አንገቱን እንዲለካ ይንገሩልኝ። ያንን እሺ ካለዎት በኋላ ደግሞ፣ ከሆነልዎ፣ ሶልያና ማታ ማታ በሩን እያየች እንደማትተኛ ይንገሩት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ከክፉ ይሰውርዎ። የሶልያናን ክርስትና ያነሱበትን እጅዎን ይባርክልዎ፤ ስለሱ እጅ ተቀይሜ አላውቅም። እኔን ለማየት አይምጡ፣ ገና ነኝ። ለልጅቷ ግን በልደቷ ካርድ ቢልኩላት አልከለክልም።

የሶልያና እናት፣
አበልጅዎ

ማስታወሻ፦ ዳሊ ሲቲ፣ የሙስጠፋን ቤት ስልክ ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሲደውሉለት እኔ ጠይቄዎት እንደሆነ አይንገሩት። ከራስዎ የመጣ ይምሰለው።